ያልተፈተነ ወርዋሪ በስንት ይገዛል? ከደብረ ብርሃን በግ ተራ የተጻፈ መመሪያ

መጀመሪያ ስለ አንድ በግ ልንገራችሁ። ቤዝቦሉ ይደርሳል።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ አንድ አውራ በግ በ22 ሺህ ብር ገዛሁ። ያኔ ደህና የመንዝ አውራ 5 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። የእኔው ግን የዶርፐር ዲቃላ ነው። ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ጀርባው እንደ መደብ የተንጣለለ። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። በጉ ቆላ ላይ፣ ሙቅ በረት ውስጥ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ቀርቦለት ሲበላ ይታያል። እኔ ጀርባውን አየሁ። ፉርሽካውን አላየሁም። ሙቀቱንም አላየሁም።

ሐምሌ ገባ። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በጉ ማሳል ጀመረ። የመንዞቹ በጎች ዝናብ እየወረደባቸው ሲያመሰኩ እሱ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ነሐሴን አላጋመሰም። ሁለት ግልገል ብቻ ትቶልኝ ሄደ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ «ባለ ሃያ ሁለት ሺው» እያለች ታስተዋውቀኛለች።

አሁን ወደ ቤዝቦሉ። የእህቴ ልጅ ሎስ አንጀለስ ነው የሚኖረው። ይህን አንዱ ኳስ እየወረወረ ሌላው በዱላ የሚመታበትን የአሜሪካ ጨዋታ ያስለመደኝ እሱ ነው። እነሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲጀምሩ እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። እኔ ለበግ ተራ በዚያ ሰዓት እነሳለሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ፣ ሻይ እስኪፈላ ሁለት ሦስት ኢኒንግ አያለሁ (ኢኒንግ የጨዋታው ዙር ነው፤ አንድ ጨዋታ ዘጠኝ አለው)። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም ነበር። አባቴ የሚያውቀው የዱላና የኳስ ጨዋታ ገና ብቻ ነው፤ እሱም ሩሩን ማንም ይመታዋል እንጂ ለአንድ ወርዋሪ ሚሊዮን አይከፈልም።

በታኅሣሥ 2023 ልጁ ደወለ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አለዚያ እንምታታለን።) «ጋሼ፣ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ አንድ ኳስ ያልወረወረ ልጅ 325 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት!»

«ፉርሽካ ነው የሚበላው?» አልኩት። አልገባውም።

የተፈረመለት ልጅ ዮሺኖቡ ያማሞቶ ነው። ጃፓናዊ ነው። የሎስ አንጀለሱ ክለብ ዶጀርስ ለ12 ዓመት አስፈረመው። እስከዚያ ቀን ለወርዋሪ ከተፈረመው ገንዘብ ሁሉ ይበልጣል፤ ቀድሞ ትልቁ የጌሪት ኮል 324 ሚሊዮን ነበር። እዚያ ጨዋታ ላይ ስሙን ያስጠራ ሰው ያላገኘውን፣ ገና ያልመጣው አገኘ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በእነሱ ክረምት፣ ክለቦቹ ተጫዋች በሚገዙበት ሰሞን፣ ከልጁ ጋር እንከራከራለን። ክለብ እንዲህ ያለ ሰው ላይ ብር ማፍሰስ አለበት ወይ? እንዴት ነው የምመዝነው? እኔ የምመዝንበትን እንደሚከተለው ጻፍኩት። ከዘመድ ጋር በስልክ ለምትከራከሩ ይጠቅማል።

«ያልተፈተነ» ሲሏችሁ የት እንዳልተፈተነ ጠይቁ

ያማሞቶ ሲፈርም 25 ዓመቱ ነበር። በጃፓን የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመው የሳዋሙራ ሽልማት ነው። እሱ ከ2021 እስከ 2023 ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዶታል። ይህ ሰው ተፈትኗል። ፈተናው የተካሄደው ሌላ ቦታ ነው እንጂ።

አሮልዲስ ቻፕማን ደግሞ ሌላ ነው። ከኩባ ወጥቶ በጥር 2010 ሲንሲናቲ ሬድስ በ30.25 ሚሊዮን ዶላር ለስድስት ዓመት አስፈረመው። እሱን የገዙት በዋናነት ለክንዱ ነው። ክንዱም አላሳፈራቸውም፤ በዚያው ዓመት መስከረም በሰዓት 169 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ወረወረ። ሦስተኛው ዓይነት ገና ልጅ የሆነው ነው። ጃፓናዊው ሮኪ ሳሳኪ በ2022፣ በ20 ዓመቱ፣ አንድም ሰው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚረግጠውን ማዕዘን) ሳያስረግጥ ጨዋታ ጨርሷል፤ 19ኙን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ደህና ኳስ ሦስቴ አምልጧቸው፣ ነው ያሰናበታቸው።

ሦስቱም «ያልተፈተነ የባሕር ማዶ ወርዋሪ» ይባላሉ። በእኔ ቤት ግን አንድ ዋጋ የላቸውም። የመጀመሪያው ግልገሎቹ የታዩለት አውራ ነው። ሁለተኛው ጀርባው የሚያምር አውራ ነው። ሦስተኛው ጠቦት ነው። ልጁ ሲደውል መጀመሪያ የምጠይቀው «ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብዬ ነው። ካላወቀ ስልኩን እዘጋለሁ።

ባሕር የሚሻገረውና የማይሻገረው

የእናቴ ወንድም ቀወት፣ ቆላው ላይ፣ ማሽላ ነበረው። ልጅ ሆነን ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቅ ነበር። እዚያ ከእኔ የሚበልጥ አልነበረም፤ ዝንጀሮውም ወፉም ያውቀኛል። ታዲያ አንድ በዓል ደጋ ስመጣ ለአክስቴ ልጆች ላሳይ ብዬ ወንጭፌን አነሳሁ። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል። ነፋሱ ከጎን ይገፋል። ድንጋዩ እርጥብ ነው። የመታሁት የጎረቤት እንስራ ነው። እጄ ያው እጄ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ግን ተቀይሯል።

ከጃፓን የሚሄድ ወርዋሪም እንዲሁ ነው። የጃፓን ኳስ ትንሽ አነስ ይላል፣ ቆዳውም እጅ ላይ ያዝ ያደርጋል። የአሜሪካው ያንሸራትታል። ጃፓን ውስጥ ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚወረውረው። አሜሪካ በተለምዶ በአምስተኛው ቀን ይመለሳል። የጃፓን ውድድር 143 ጨዋታ ነው፣ የአሜሪካው 162። አገሩ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር በአውሮፕላን እየተንከራተቱ ነው የሚጫወቱት።

ከፍታም አለ። እዚህ ላይ እኛ የደጋ ሰዎች ከሁሉም በላይ የመናገር መብት አለን። ዴንቨር ያለው ኩርስ ፊልድ የሚባል ስታዲየም ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታ ኳስ ሩቅ ይበራል። የሚታጠፍ ኳስ ደግሞ እንደ ሌላው ቦታ አይታጠፍም፤ የሚያጥፈው የአየሩ ግፊት ነውና። ወርዋሪ ሁሉ ይፈራዋል። 1,600 ሜትር! ከሸዋ ሮቢት ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ላይ ናት። እዚህ ስታዲየም ቢሠሩ ከበግ ተራ የተመታ ኳስ ጣርማበርን ተሻግሮ ደብረ ሲና የሚወርድ ይመስለኛል።

ግን ሂዴዮ ኖሞን እዩት። በ1995 ወደ ዶጀርስ የመጣው ጃፓናዊ ነው። ለብዙ ጃፓናውያን መንገድ የከፈተው እሱ ነው። ሲወረውር ጀርባውን ለመቺው ሰጥቶ ይዞርና እንደ አውሎ ነፋስ ይመለሳል። በመጀመሪያ ዓመቱ 236 ስትራይክ አውት አስመዘገበ፣ የዓመቱ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በመስከረም 1996 በዚያው በሚፈራው ኩርስ ፊልድ፣ አንድም መቺ ሂት (መትቶ ቤዝ የሚደርስበት ምት) ሳያገኝበት ጨዋታውን ጨረሰ። ለዓመታት የደገመው የለም። የፊርማ ክፍያው 2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ምንም አይገዛም።

ስለዚህ ቁጥር ስታዩ የትኛው ቁጥር ባሕር እንደሚሻገር ለዩ። ያሸነፈው ጨዋታ ብዛት አይሻገርም። ማሳሂሮ ታናካ በ2013 ጃፓን ላይ 24 አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ግሩም ነው፤ ግን ማሸነፍ ከጓደኞቹ ዱላ ጋር የተያያዘ ነው። የሚሻገረው ፍጥነት ነው። ዒላማ መምታትም ይሻገራል፣ ማለትም ለመቺው ነፃ መንገድ አለመስጠት። ከሁሉም በላይ የሚሻገረው መቺው አይቶ የሚስተው አንድ ኳስ ነው። መሬት ከፍቶ እንደዋጠው ከዱላው ሥር የሚጠፋ። ኖሞ ነበረው፣ ታናካ ነበረው፣ ያማሞቶም አለው።

ስትራይክ አውትም ብቻውን ያታልላል። ኬ ኢጋዋ የሚባል ነበር። በ2006 ጃፓን ላይ 194 ስትራይክ አውት ነበረው። የኒው ዮርኩ ክለብ ያንኪስ ከእሱ ጋር ለመደራደር ብቻ ለጃፓኑ ክለብ 26,000,194 ዶላር አቀረበ። ያቺ 194 ለስትራይክ አውቱ ክብር የተጨመረች ናት! ጌጥ መሆኗ ነው። ለራሱ ደግሞ ለአምስት ዓመት 20 ሚሊዮን ተፈረመለት። ሜጀር ሊግ ላይ የተጫወተው 16 ጨዋታ ነው። 2 አሸነፈ፣ 4 ተሸነፈ። በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 6.66 ነጥብ ይቆጠርበት ነበር። (ደህና ወርዋሪ ከ4 በታች ነው፣ በጣም ጎበዝ ከ3 በታች።) የቀረውን ጊዜ በታችኛው ሊግ ፈጀው። ፈጣን የሚባለው ኳሱ ሜጀር ሊግ ላሉ መቺዎች ፈጣን አልነበረም። ይህ የእኔ በግ ነው፣ ቁርጥ።

ክንዱን ቁጠሩት

በግ ስገዛ ጥርሱን ከፍቼ አያለሁ። ወርዋሪ ሲገዛ የሚቆጠረው ክንዱ እስከዛሬ የወረወረው ኳስ ነው።

ዳይሱኬ ማትሱዛካ በ1998 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ጃፓኖች ኮሺየን የሚሉት የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፤ አገሩ ሁሉ ቆሞ ነው የሚያየው። ሩብ ፍጻሜው 17 ኢኒንግ ሄደ። ልጁ ብቻውን 250 ኳስ ወረወረ። ዛሬ አሜሪካ ላይ አንድ ትልቅ ሰው 100 ሲደርስ አሰልጣኙ መነቃነቅ ይጀምራል። ማትሱዛካ በዚያ አላበቃም፤ በፍጻሜው አንድም ሂት ሳይሰጥ አሸነፈ። ጀግና ተባለ። ነበርም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ቦስተን ሬድ ሶክስ ለጃፓኑ ክለብ 51,111,111 ዶላር ከ11 ሳንቲም አቀረበ። ለራሱ ለስድስት ዓመት 52 ሚሊዮን ፈረመለት። በ2007 15 አሸነፈ፣ ቡድኑም ዋንጫ በላ። በ2008 18 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ «ርካሽ ነው» እላችሁ ነበር። ከዚያ ክንዱ መድከም ጀመረ። በ2011 ቶሚ ጆን የሚባለውን የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና አደረገ። ቦስተንን በስድስት ዓመት 50 አሸንፎ ተሰናበተ። 103 ሚሊዮን ለ50። እናንተ አካፍሉት።

ኮሺየን ነው የጎዳው? እንዲህ ብዬ አልፈርድም። የሚያስፈራው ግን ወደ አሜሪካ የሄዱት ሌሎቹ ጃፓናውያንም መጎዳታቸው ነው። ታናካ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2014 ሐምሌ፣ የክርን ጅማቱ በከፊል ተቀደደ። ቀዶ ጥገናውን ሳያደርግ ቀጠለ፣ ሰባት ዓመትም ሠራ። ዩ ዳርቪሽ በ2013 277 ስትራይክ አውት አስመዝግቦ በ2015 ለቀዶ ጥገና ተኛ። ኮዳይ ሴንጋ በ2023 202 ስትራይክ አውት ነበረው፤ በ2024 በመደበኛው ውድድር አንድ ጨዋታ ብቻ ጀመረ። ያማሞቶም በመጀመሪያ ዓመቱ ትከሻው ታሞ ሦስት ወር ገደማ ተቀመጠ።

የአሜሪካ ልጆችም ይጎዳሉ፤ የውጭው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ውሉ ስድስት ዓመት ከሆነ የአራት ዓመት ሥራ ቁጠሩ። በአራት አካፍላችሁም ዋጋው ካላስደነገጣችሁ ግዙ። ለያማሞቶ 12 ዓመት በስምንት አካፍሉት። ከ40 ሚሊዮን ትንሽ በላይ በዓመት ይመጣል። ያስደነግጣል፣ ግን አያስወድቅም።

አንድ ነገር ስለ ያማሞቶ ልቤን አሳርፎታል። ሰውዬው ቁመቱ 178 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለወርዋሪ አጭር ነው ተብሎ ታምቷል። ልምምዱ ላይ ግን ከከባድ ብረት ይልቅ ጦር መሰል ነገር ይወረውራል። የእህቴ ልጅ ቪዲዮውን ሲልክልኝ በጥምቀት ሰሞን ጉግስ ሜዳ ላይ የማያቸው ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። ዘንጉን በክንዳቸው አይወረውሩትም። ከተረከዛቸው ነው የሚያመጡት። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ትከሻዬን ሲል አልሰማሁም።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

ጋዜጣ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ሙሉ ዋጋ አይደለም። እግር ኳስ ላይ የዝውውር ክፍያ እንደምንለው፣ ለጃፓኑ ክለብ የሚከፈል የመልቀቂያ ገንዘብ አለ።

ድሮ አሠራሩ የታሸገ ጨረታ ነበር። ክለቦች በየፖስታቸው ቁጥር ያስገባሉ። ትልቁን ያስገባ ብቻውን 30 ቀን ይደራደራል። የማትሱዛካ 51 ሚሊዮን እንዲህ ነው የመጣው። ሁለተኛው ስንት እንዳቀረበ ሳታውቅ ነው የምትከፍለው። በግ ተራ ላይ እንዲህ ያለ ገበያ ቢኖር ደላሎች ሁሉ ፎቅ ይሠሩ ነበር። ኋላ ላይ በ2013 መልቀቂያው ከ20 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተደረገ። ታናካን ያንኪስ በ155 ሚሊዮን ለሰባት ዓመት የገዛው በዚህ ጊዜ ነው። ያስተዋላችሁት ነገር አለ? ለክለቡ የሚሄደው ሲቀንስ ለልጁ የሚሄደው ጨመረ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ በመቶኛ ሆኗል። ከውሉ የመጀመሪያ 25 ሚሊዮን ላይ 20 በመቶ፣ ከቀጣዩ 25 ሚሊዮን ላይ 17.5 በመቶ፣ ከ50 በላይ ባለው ላይ 15 በመቶ።

ያማሞቶን እንሥራው። 25 ሚሊዮን ላይ 20 በመቶ 5 ሚሊዮን ነው። ቀጣዩ 4.375 ሚሊዮን። የቀረው 275 ሚሊዮን በ15 በመቶ 41.25 ሚሊዮን። ጠቅላላ 50.625 ሚሊዮን ለጃፓኑ ክለቡ ለኦሪክስ። ስለዚህ የልጁ ዋጋ 325 ሳይሆን ከ375 በላይ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ዝም አለ። ዶጀርስን ነው የሚደግፈው።

ሾታ ኢማናጋን ደግሞ እዩ። የቺካጎው ክለብ ከብስ በጥር 2024 ለአራት ዓመት በ53 ሚሊዮን አስፈረመው። መልቀቂያው ከ10 ሚሊዮን ትንሽ ያንሳል። 30 ዓመቱ ነበር፣ ኳሱም እንደ ቻፕማን አይበርም። በመጀመሪያ ዓመቱ 15 አሸንፎ 3 ተሸነፈ፣ በዘጠኝ ኢኒንግ 2.91። በዚያው ሰሞን ሁሉም ሰው ስለ ያማሞቶ ነበር የሚያወራው። በግ ተራም እንዲሁ ነው፤ ሕዝብ ከከበበው በግ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ጸጥ ያለ ጥሩ በግ ቆሟል።

የሳሳኪ ዋጋ ደግሞ ግራ ያጋባል። 25 ዓመት ሳይሞላው ስለሄደ ደንቡ እንደ ልጅ ቆጠረው። በጥር 2025 የፊርማ ክፍያው 6.5 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። በዚህ ዋጋ ከሆነ አታስቡ፣ ግዙ። እሱም ቢሆን በግንቦት ትከሻውን ታሞ ተቀመጠ። ሲመለስ በጨዋታ መጨረሻ ላይ እየገባ የሚወረውር ሆነ።

ኪሱ የማን ነው?

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥያቄ ነው።

ያንኪስ በኢጋዋ ላይ 46 ሚሊዮን አጣ። ምን ሆነ? ምንም። በ2009 ዋንጫ በላ። ከዚያ በፊትም በ1997 ሂዴኪ ኢራቡን በ12.8 ሚሊዮን አስፈርሞ ነበር። ሰውዬው የመጀመሪያ ዓመቱን በዘጠኝ ኢኒንግ በ7.09 ነጥብ ጨረሰ። ያንኪስ በዓመቱ ዋንጫ በላ። ሀብታም ክለብ ስህተቱን ሌላ ሰው በመግዛት ይሸፍናል። ትንሽ ክለብ በኢጋዋ 46 ሚሊዮን ቢያጣ ግን ለዓመታት ሌላ ሰው አይገዛም። መልቀቂያው ደግሞ ክለቦች በደመወዝ ብዛት በሚቀጡበት የቅንጦት ግብር ውስጥ አይቆጠርም። ይህም የሚጠቅመው ጣሪያውን የነካውን ሀብታም ነው።

እኔ ያኔ 22 ሺህ ስከፍል ቤቴ የነበረው ገንዘብ በሙሉ እሱ ነበር። በዚያው ገበያ አንድ ሆቴል ያለው ሰው ሁለት ዲቃላ ገዝቶ ሁለቱም ሞቱበት፣ በሳምንቱ ሲስቅ አገኘሁት። ስህተታችን አንድ ነው። እኔ ግን በዓመቱ የልጄን ጫማ በዱቤ ገዛሁ።

ስለዚህ «ክለቦች መግዛት አለባቸው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ይሄ ክለብ፣ ገንዘቡ በሙሉ ቢጠፋ፣ ነገ ምን ያደርጋል?» በሉ። መልሱ «ምንም አይጎድልበትም» ከሆነ ይግዛ።

ውሉን እንዴት ይጻፉት?

ትንሽ ክለብም ዘዴ አለው። ኬንታ ማዔዳ በጥር 2016 ዶጀርስን ሲቀላቀል ምርመራው ላይ ክርኑ ጥርጣሬ አስነሳ። ምን አደረጉ? ስምንት ዓመት ሰጡት፣ የተረጋገጠለት ግን 25 ሚሊዮን ብቻ። የቀረው በሠራው ልክ። ስንት ጨዋታ ጀመርክ፣ ስንት ኢኒንግ ወረወርክ፣ እየተባለ በየዓመቱ የሚጨመር። በመጀመሪያ ዓመቱ 16 አሸነፈ። ዶጀርስ ሀብታም ነው፣ ግን እዚህ ላይ እንደ ድሃ አሰበ። ደስ ይላል።

ሁለተኛውን አውራዬን እንዲህ ነው የገዛሁት። ከሞላሌ ወዲያ ካለ ገበሬ ነው፤ ንጹሕ የመንዝ ዘር፣ ሱፉ የተንዘረፈፈ። መጀመሪያ ቤቱ ሄጄ ግልገሎቹን አየሁ። በነሐሴ ሄድኩ፣ ሆን ብዬ። በጥር ሁሉም በግ ያምራል። ከዚያ ግማሹን ሰጠሁት፣ ግማሹን ሦስት እናት ስትወልድ እሰጥሃለሁ አልኩት። ሰውዬው ስቆብኝ «አይ የከተማ ሰው!» አለ። ግን ተስማማ። በየካቲት ቀሪውን ወስጄ ሰጠሁት፣ ጠላ አጠጣኝ።

መቼ ነው የምትፈርዱት?

መጋቢት 2024። ሴኡል፣ ደቡብ ኮርያ። ያማሞቶ የመጀመሪያ ጨዋታው። አንድ ኢኒንግ ወረወረ፣ አምስት ነጥብ ተቆጠረበት፣ ወጣ። ልጁ ደወለ። የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። «ጋሼ፣ በግህ ነው!» አለኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሰው ስህተት የራስን ያቀላል።

ያን ዓመት ግን በ3.00 ጨረሰ። በ2025 30 ጨዋታ ጀመረ፣ 12 አሸነፈ፣ 2.49፣ 201 ስትራይክ አውት። ዶጀርስም በጥበብ ያዙት። እንደ አሜሪካኖቹ በአምስተኛው ቀን አላጣደፉትም፤ ጨዋታ የሚጀምሩትን ወርዋሪዎች ወደ ስድስት እያበዙ፣ አገሩ እንደለመደው እረፍት ሰጡት። የእኔን በግ ማንም እንዲህ አላደረገለትም። በረቱን ባሞቅለት ኖሮ ብዬ አንዳንዴ ሌሊት አስባለሁ።

ከዚያ ዎርልድ ሲሪስ የሚባለው፣ እስከ ሰባት ጨዋታ የሚሄደው የሊጉ ፍጻሜ፣ ከቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ጋር። ሁለተኛውን ጨዋታ ብቻውን ዘጠኝ ኢኒንግ ጨረሰ። ስድስተኛውን ጀመረ፣ 96 ኳስ ወርውሮ አሸነፈ። በማግስቱ ሰባተኛው ጨዋታ ነው። ለእኛ እሑድ ጥቅምት 23፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል። ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ ለቅዳሴ ስትወጣ እኔ ጋቢ ውስጥ ነኝ። «አትሄድም?» አለች። «ትንሽ ነው የቀረው» አልኩ። በዘጠነኛው ኢኒንግ በሩ ተከፍቶ ያማሞቶ ወደ ሜዳ ገባ። ትናንት 96 የወረወረው! በጃፓን ስድስት ቀን የሚያርፈው! 11ኛው ኢኒንግ ላይ ዶጀርስ 5 ለ 4 ሲያሸንፍ ኳሱን የያዘው እሱ ነበር። ሦስት ጨዋታ አሸንፎ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ከተማው ውስጥ ፀሐይ ወጥታለች። ቅዳሴው አልፎኛል።

ታዲያ 325 ሚሊዮኑ ትክክል ነበር ማለት ነው? አሁንም አልፈርድም። ከ2025 በኋላ አሥር ዓመት ይቀረዋል። ማትሱዛካም በሁለተኛ ዓመቱ 18 አሸንፎ ነበር። ያን ዋንጫ ግን ከእጃቸው ማንም አይወስድም። ለእኔ ሰው «እስካሁን እንዴት ነው?» ሲለኝ «እስካሁን በሰላም ነው» ብዬ አልፋለሁ።

የራሴን ቁርጥ ልንገራችሁና ላብቃ። ዕድሜው ከ26 ያላለፈ፣ ሰው የሚስተው ኳስ ያለው፣ ሐኪም አይቶ ዝም ያለለት፣ ገዢውም ገንዘቡ ቢጠፋ የማይደነግጥ ክለብ ከሆነ፣ አዎ፣ ብዙ ይክፈል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ኢማናጋን የመሰለ ይፈልግ ወይም እንደ ማዔዳ ይፈራረም። ፍጥነት ብቻ ከሆነ ያለው፣ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ የታየው፣ ደላላው ከገዢው በላይ ከቸኮለ፣ ገንዘቡን ኪሱ ይያዝ።

ባለፈው ደግሞ ልጁ ሌሊት ደወለ። «ጋሼ፣ አዲስ ልጅ መጥቷል፣ ኳሱ 160 ኪሎ ሜትር ይበራል!»

«በስንት ቀን አንዴ ነው የሚወረውረው?»

ዝም።

«ክርኑን ታይቷል?»

«ቆይ ልይልህ» ብሎ ዘጋው። እኔም ጋቢዬን አጣጥፌ ወጣሁ፤ ከመሀል ሜዳ የሚመጣው አይሱዙ በጎቹን ማራገፍ ጀምሮ ነበር።